ጭስ የጠጣች ስንጥቅ

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ ከዓመታት በፊት ያየሁት ሽምግልና እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ጠቡ የተነሳው ከድንጋይ ካባ ነው። አንድ የውጭ አገር ኮንትራክተር ድንጋዩን በድማሚት እያፈነዳ ለመንገድ ሥራ ጠጠር ይፈጭ ነበር፤ ከካባው በታች ያሉ የጭቃ ቤቶች ተሰነጣጠቁ። ነዋሪው ሳይቱ በር ላይ ቆሞ አቤት አለ። ከዘበኛው በቀር የሚያናግረው አላገኘም። በሦስተኛው ቀን የጭነት መኪኖቹ መንገድ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፤ ያኔ ኩባንያው ራሱ ሽማግሌ ይግባ አለ።

ሁለት ከነዋሪው፣ ሁለት ከኩባንያው ወገን ተመረጡና ሁለቱም ያመኗቸው አንድ አዛውንት ሰብሳቢ ሆኑ። ዋርካው ሥር ተቀምጠው ቃል የሚቀበሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ምርቃቱን እንደጨረሱ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «መጀመሪያ ስንጥቁን እንየው» አሉ።

የመጀመሪያው ቤት የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ስንጥቅ አለ። ሽማግሌው ከጣሪያው ክዳን አንድ ሰንበሌጥ መዘዙና ወደ አንደኛው ስንጥቅ አስገቡት፤ አልሄድ ሲል በአውራ ጣታቸው ጥፍር ምልክት አድርገው አወጡት፤ ምልክቱ ላይ ሰብረው ቁራጩን ለኩባንያው መሐንዲስ ሰጡት። ከዚያ «ባትሪ አብሩልኝ» አሉና ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። ቆየት ብለው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«እታለም፣ ይቺ የዛሬ አይደለችም። ጭስ ጠጥታለች።»

እኔም ተራዬ ደርሶ አየሁት። የስንጥቁ ውስጥ ጥቀርሻ ለብሷል። የምድጃው ጭስ ዓመት ከዓመት ገብቶበት ጠቁሯል። ሁለተኛዋ ስንጥቅ ግን ውስጧ ምንም ያልነካው ጭቃ ነው፤ ምርጉ ውስጥ የገባው ጭድ እንኳ ቢጫነቱን አልለቀቀም። ለእሷም ሰንበሌጥ ተሰበረ። ሽማግሌው ይህችኛዋን ራሳቸው ከመንካት ይልቅ መሐንዲሱን አስነኩት፤ በአስተርጓሚ «ጌታው፣ ይቺ የእናንተ ናት» አሉት።

ስለ እጅ ሥራ ስናወራ ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ታንኳ የሚያስረውን እናነሳለን። እኔ የዚያን ቀን ያየሁት ከዚያ አያንስም። በአንዲት ባትሪና በሁለት የሰንበሌጥ ቁራጭ ሰውየው ከባዱን ሥራ ጨረሱት። ሴትዮዋን ከራሷ ወገን በተመረጡ ሽማግሌዎች ፊት «ይቺ የዛሬ አይደለችም» በማለታቸው መሐንዲሱ አመናቸው። «ይቺ የእናንተ ናት» ሲሉትም የሚከራከርበት አፍ አጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቤቶች ባትሪውን ይዞ ይቀድም የነበረው መሐንዲሱ ራሱ ነው። «ማነው ያጠፋው?» የሚል ጥያቄ እስከ ማታ ድረስ ከሽማግሌው አልወጣም።

የቀረው በዋርካው ሥር አለቀ። ካሳው በብር ብቻ አልተቆረጠም፤ ባሕር ዛፉንና ጭዱን ኩባንያው በራሱ መኪና አምጥቶ እንዲያራግፍ፣ የሚመርገውን ሰው የቀን ሥራ ዋጋ እንዲከፍል ተባለ። ድማሚቱ በታወቀ ሰዓት ብቻ እንዲፈነዳና ከዚያ በፊት አንድ ሰው ፊሽካ እየነፋ በየቤቱ እንዲዞር ተስማሙ። ሁሉም በሁለት ደብተር ተጻፈ፤ አንዱ ለኩባንያው፣ አንዱ ለቀበሌው። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ዋስ ጠየቁ፤ መንገዱ አልቆ ኩባንያው ቢሄድ እዚሁ የሚገኝ ሰው። የአገሩ ተወላጅ የሆነ ንዑስ ኮንትራክተር ዋስ ሆነ።

ይህን ሽምግልና ደጋግሜ የማስታውሰው በብዙ አገር በሚሠሩ ኩባንያዎች ላይ የቀረበ አቤቱታ ባነበብኩ ቁጥር ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ኦኢሲዲ፣ ከአገራቸው ውጭ የሚሠሩ ኩባንያዎች ሊመሩበት የሚገባ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1976 አወጣ። በ2011 ሰብአዊ መብት የራሱ ምዕራፍ ተሰጠው፤ በ2023 እንደገና ታደሰ። መመሪያውን ከ50 በላይ መንግሥታት ተቀብለውታል፤ እያንዳንዱም አቤቱታ የሚቀበል ብሔራዊ የግንኙነት ጽሕፈት ቤት የማቋቋም ግዴታ አለበት። ጽሕፈት ቤቱ ፍርድ ቤት አይደለም። አይቀጣም፣ ካሳም አይፈርድም። ሁለቱን ወገን ያቀራርባል፤ ቢስማሙም ባይስማሙም የሆነውን ጽፎ ለሕዝብ ያወጣል።

የመጀመሪያው እርምጃ ምዘና ነው፤ ሦስት ወር ያህል ይሰጠዋል። አቤት ባዩ በእርግጥ ነገሩ የሚነካው ሰው ነው ወይ? የቀረበው ነገር ተጨባጭ ነው ወይ? ኩባንያው ከደረሰው ጉዳት ጋር ምን ያገናኘዋል? ለእኔ ይህ ባትሪ አብርቶ ጥቀርሻ መፈለግ ነው። ይህን በችኮላ የሚያልፍ ጽሕፈት ቤት ቀጥሎ ምንም ያህል ቢለፋ አይታመንም።

ኢትዮጵያ መመሪያውን አልተቀበለችም። ከአፍሪካ ያሉበት ግብፅ፣ ሞሮኮና ቱኒዝያ ናቸው። ስለዚህ የእኛ ሰው አቤቱታ የሚሄደው ኩባንያው ወደተወለደበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰርቫይቫል ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ጊቤ ሦስት ግድብ በታችኛው ኦሞ ሕዝቦች ላይ አደረሰው ባለው ጉዳት ገንቢውን ሳሊኒን የከሰሰው ሮም በሚገኘው የጣሊያን ጽሕፈት ቤት ነበር። ሳሊኒን የባሕር ዳር ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ተመርቆ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደውን የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሠራው እሱ ነው። አያቶቻችን «በሕግ አምላክ» ብለው የማያውቁትን ሰው መንገድ ላይ ያቆሙ ነበር። ከኦሞ ዳር ሆኖ ጣሊያን ያለን ኩባንያ ለማቆም ግን ድምፅ አይበቃም፤ የሚሰማ ጽሕፈት ቤት ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ ከተሠሩት እርቆች ሁሉ ለእኔ እጅግ የተዋጣው የቡካቩው ነው። የዋልያ ቢራ ባለቤት የሆነው ሄኒከን በኮንጎ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ብራሊማ የሚባል ቅርንጫፍ ኩባንያ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2003፣ አካባቢው በአማፂ እጅ በነበረበት የጦርነት ዘመን፣ ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ ቡካቩ ከሚገኘው ፋብሪካ ያለአግባብ ተባረርን ያሉ 168 ሠራተኞች በ2015 ለኔዘርላንድ ጽሕፈት ቤት አመለከቱ። ከአሥር ዓመት በላይ ያለፈው ነገር ነው፤ ጥቀርሻው ከአዲሱ ጭቃ የሚለይበት ጊዜ አልፏል ሊባል ይችል ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ግን ተቀበለው።

ሥራውን ቀርቤ ስመለከት ደስ የሚለኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቦታው። ሁለቱ ወገኖች የተገናኙት ፓሪስና ካምፓላ፣ በኔዘርላንድ ኤምባሲዎች እርዳታ ነው። ሠራተኞቹን የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ወዳለበት አምስተርዳም መጥራት ቀላል ነበር፤ ግን የባለጋራን ደጅ የረገጠ ሰው ቃሉ ይታሰራል። ካምፓላን የመረጠው ይህን የሚያውቅ ሰው ይመስለኛል። ሁለተኛው ስምምነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 የወጣው የመጨረሻ መግለጫ ተስማምተዋል ይላል፤ ዝርዝሩ የሁለቱ ወገኖች ምስጢር ሆኖ ቀርቷል። ሄኒከን ግን ጦርነትና አለመረጋጋት ባለባቸው አገሮች እንዴት እንደሚሠራ የሚመራበት ደንብ ለማዘጋጀት ቃል ገባ፤ ይህም በአደባባይ ተጻፈ። ጥንት የደረሰው በደል ተዘጋ፤ ለነገው ደግሞ በየቤቱ የሚዞር ፊሽካ ነፊ ተቀጠረ ማለት ነው።

የአሠራሩ ድክመት ግልጽ ነው። ኩባንያው አልመጣም ቢል አስገዳጅ የለም፤ ከየጽሕፈት ቤቱ የሚወጣው ሥራም አንድ ዓይነት አይደለም። ዋስ መጥራትን ከጢስ ዓባዩ ሽማግሌ ቢማሩ እላለሁ።

እኛ ዘንድ የጎደለው ሕግ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3318 ጀምሮ ስለ እርቅ ደንግጎ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የግልግል ዳኝነትንና የእርቅን ሥነ ሥርዓት አውጥቶልናል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 አስማሚ ይመድባል። የጎደለው ነገሩ ሳይግል የሚሰማ ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ባሕር ዳር አጠገብ በውጭ ባለሀብት የተያዘ የአበባ እርሻ በእሳት ወደመ። ቁጣው የአገር ፖለቲካ ቁጣ ነበር፤ እርሻው ብቻ የቀሰቀሰው አልነበረም። ሆኖም ሠራተኛውና ጎረቤቱ ቅሬታውን የሚያሰማበት፣ ኩባንያውም የሚመልስበት የታወቀ ዋርካ በየእርሻው ቢኖር ኖሮ፣ ያን ዕለት እሳቱን ለማጥፋት የሚሮጥ ጎረቤት ይገኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በአካባቢህ ከሚሠራ የውጭ ኩባንያ ጋር የተጣላህ አንባቢ፣ መጀመሪያ እናት ኩባንያው የየት አገር እንደሆነ አጣራ። አገሩ መመሪያውን ከተቀበሉት አንዱ ከሆነ አቤቱታህን በጽሑፍ ለዚያ አገር ጽሕፈት ቤት ላክ። ጠበቃ የግድ አይደለም። ከመጻፍህ በፊት ግን ባትሪህን አብርተህ ወደ ስንጥቁ ግባ፤ ጭስ የጠጣችውን ለይተህ ተዋት፤ አዲሷን ብቻ ጻፍ።