ከተማን በሲኒማ ስለ ማየት

ሲኒማ በዘመናችን ከመምህራን እንደ አንዱ ሆኗል፤ ትምህርቱ ግን ሁልጊዜ የተሟላ አይደለም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም፣ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር የሚያድግ ወጣት ታላላቅ ከተሞችን በእግሩ ሳይረግጥ አስቀድሞ በፊልም ያያቸዋል። መንገዱ ሰፊ፣ ፎቁ ረጅም፣ መብራቱም የበዛ ሆኖ ይታየዋል። ያንን መንገድ ማን እንደሚጠርገው፣ ያንንም ፎቅ ማን ድንጋይ ተሸክሞ እንደ ሠራው ግን ፊልሙ ካላሳየው አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ፊልም ሐሰት ባይናገር እንኳ እውነቱን ከግማሹ ቆርጦ ያስቀራል።

ገጠሬው እየጎረፈ የሚገባባቸው የእስያ ከተሞች ከእኛ ጋር ብዙ የሚመሳሰሉበት ነገር ስላለ፣ ዛሬ ኮልካታ ስለምትባለው ስለ ሕንዷ ካልካታ የተሠሩ ሁለት ፊልሞችን እንመልከት።

ፊተኛው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ቢማል ሮይ ያዘጋጀው «ዶ ቢጋ ዛሚን» ነው። ትርጓሜውም «ሁለት ቢጋ መሬት» ማለት ሲሆን፣ ቢጋ የመሬት መለኪያ ነው። ሻምቡ የተባለውን ገበሬ የአገሩ ባለመሬት ፋብሪካ ሊያሠራበት ፈልጎ ትንሿን እርሻውን ሽጥልኝ ይለዋል፤ እምቢ ባለ ጊዜም ዕዳህን ባንድ ጊዜ ክፈል ብሎ ይከሰዋል። ፍርድ ቤቱም በ3 ወር ውስጥ 235 ሩፒ እንዲከፍል ይፈርድበታል። ሻምቡ ገንዘቡን ፍለጋ ከትንሽ ልጁ ጋር ካልካታ ገብቶ ሪክሾ ጎታች ይሆናል፤ ልጁም የሊስትሮ ሥራ ይይዛል። ሪክሾ ሰው እንደ በቅሎ የሚስበው ጋሪ ነው፤ ዛሬ በከተሞቻችን የሚሮጠው ባጃጅ የዚያ ጋሪ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

ከፊልሙ ትርኢቶች አንዱ ከልብ አይጠፋም። ተሳፋሪው ከፊት ያለውን ሌላ ሪክሾ ድረስበት እያለ ዋጋ ይጨምራል፤ ሻምቡም ፍጥነት ይጨምራል። በመጨረሻ መንኰራኩሩ ወልቆ ሻምቡ ወድቆ ይጎዳል። አዘጋጁ በከተማ ጥድፊያ ላይ ስብከት አልሰበከም፤ ጥድፊያው በማን እግር እንደሚሮጥ ብቻ አሳየ። ሻምቡ ወደ ቀዬው ሲመለስም በእርሻው ላይ ፋብሪካ ሲሠራ ያገኛል።

ይህን ለቡሬ ወጣት የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። በእርግጥ የሕንዱ ባለመሬት ነገርና የእኛ አንድ አይደለም፤ የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት ከግል ባለቤትነት አውጥቶታል፤ ፋብሪካም ለአገር ያስፈልጋል። ነገር ግን እርሻ የፋብሪካ ቦታ በሆነበት ስፍራ ሁሉ፣ አርሶ የኖረው ሰው ከዚያ ወዲያ ማን ይሆናል? ይህን የሚጠይቅ ፊልም የልማት ጠላት ሳይሆን ታማኝ አማካሪው ነው።

የቢማል ሮይ ሥራ ግን ነቀፌታ አያጣም። ድኾች ለሻምቡ ሲራሩለት ብናይም፣ ከተማይቱ ለመጣባት ሰው ከመከራ በቀር የምትሰጠው ያላት አትመስልም። ይህን ጉድለት በ1963 ሳትያጂት ሬይ ያዘጋጀው «ማሃናጋር»፣ ማለት «ታላቁ ከተማ»፣ ይሞላዋል። አራቲ የተባለች ባለትዳር ቤቷ ስለ ተቸገረ በየቤቱ እየዞረች የሹራብ መሥሪያ መኪና ትሸጣለች። አማቷ ያዝንባታል፤ ባሏም ልቡ ይሻክራል። እርሷ ግን በሥራዋ ችሎታዋን ታውቃለች። በመጨረሻ አንዲት ባልደረባዋ ያለ ፍትሕ ስትባረር፣ ባሏ ሥራ አጥቶ ቤቱ በእርሷ ደመወዝ እያደረ ሳለ እንኳ፣ አራቲ እንጀራዋን ትታ ትወጣለች። ከተማ ሰጣት፤ ኅሊናዋን ግን አልገዛትም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ከጎጃም ገጠር አዲስ አበባ ገብቶ ሎተሪ የሚያዞረው፣ ጫማ የሚያሳምረው፣ ሲሚንቶ የሚሸከመው ልጅ በፊልሞቻችን ውስጥ ምን ስፍራ አለው? ብዙ ጊዜ የገጠር ሰው የሚገባው ለማሳቅ ነው፤ አነጋገሩና አለባበሱ መሣቂያ ይሆናሉ። በዚህም ተመልካቹ የገዛ ወንድሙን መናቅ ይማራል፤ ከገጠር የመጣውም በራሱ ማፈርን ይማራል። ይህ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከተማ የሚታወቀው በፎቁ ቁመት አይደለም፤ መጤውን እንዴት እንደሚቀበል፣ መጤውም ገብቶበት ሰው ሆኖ ለመኖር መቻሉ ነው መልኩ። ስለዚህ በፊልም የታየ ከተማ ባማራችሁ ጊዜ፣ ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ እንዳለና ማታ የት እንደሚያድር ጠይቁ። ፊልሙ ካልመለሰላችሁ፣ ከዚያ የተመለሰውን የአገራችሁን ልጅ ጠይቁ። መሄድ ነውር አይደለም፤ ሳያውቁ መሄድ ግን ያስጠቃል።