ባለቀለም ሌብል፦ ጥቅሙና ጉድለቱ

የተማሪ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ አንድ ልማድ መጥቷል። ከዳታቤዝ የሚታተመው የተማሪ ሌብል እንደ ውጤቱ ቀለም ይቀባል፦ የወደቀ ቀይ፣ በጥቂት ነጥብ ያለፈ ቢጫ፣ በደንብ ያለፈ አረንጓዴ። ነገሩ ለዓይን ያምራል፤ የመምህሩንም ሥራ ያቀላል። እኔም ወድጄው ሠርቼበታለሁ። ግን ጉድለቱም መነገር አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2008 ካርቱም፣ ደይም ሰፈር፣ በአንድ የማታ ክፍል አግዝ ነበር። ሌብሉን የምናወጣው በማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። የዚያን ጊዜው አክሰስ ለአንድ ሳጥን የሚቀበለው ሦስት ሁኔታ ብቻ ነበር፤ ከ2010 እትም ወዲህ እስከ 50 ይቀበላል። እኛ ግን ሦስቱንም አልተጠቀምንባቸውም። ከ50 በታች ቀይ፣ ከ50 እስከ 59 ቢጫ አልንና የቀረውን ሁሉ አረንጓዴ አደረግነው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ቀን ቀን ሰው ቤት ትሠራለች። የፈተናው ዕለት አሠሪዋ ስላልለቀቀቻት ሳትፈተን ቀረች። ውጤቷ ባዶ ሆነ። ለአክሰስ ደግሞ ባዶ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። «ከ50 ያንሳል ወይ?» ሲባል ባዶው ሳጥን አዎም አይልም፣ አይደለምም አይልም፤ ዝም ብሎ ይታለፋል። በዚህ ምክንያት የልጅቷ ሌብል አረንጓዴ ሆኖ ወጣና ወደ ላይኛው ክፍል ገባች። ትምህርቱ ከበዳት፤ አፍራ ዝም አለች፤ በኋላም እየቀረች እየቀረች ጭራሽ ተወችው። ጥፋቱ የኛ የመምህራኑ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከኅትመቱ ይመጣል። ባለቀለም ኅትመት ውድ ስለሆነ ዝርዝሩን በጥቁር ፎቶ ኮፒ አባዛነው። ቀዩም አረንጓዴውም ግራጫ ሆነ። ይባስ ብሎ ቀዩ ጠቁሮ በላዩ የተጻፈውን ስም ዋጠው። አጥብቆ እርዳታ የሚፈልገው ልጅ ስሙ የማይነበብ ሆነ ማለት ነው! ደግሞም ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ በወንዶች ላይ ይበዛል።

ካምፕ የኖረ ሰው የሕፃናት ክንድ መለኪያውን ጥብጣብ ያውቀዋል። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቢኖረውም ቁጥሩ አብሮ ተጽፎበታል፦ ቀዩ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች፣ ቢጫው ከዚያ እስከ 12.5። ቀለሙ ቢለቅ ቁጥሩ አለ። የኛም ሌብል እንደዚያ መሆን ነበረበት።

እንግዲህ ሌብል የምታዘጋጁ መምህራን ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከሁሉም በፊት የባዶውን ሳጥን ሁኔታ ሙሉ፤ ነጭ ሆኖ «አልተፈተነም» የሚል ይውጣ። አክሰስ ሁኔታዎቹን ከላይ ወደ ታች አይቶ መጀመሪያ የገጠመውን ስለሚወስድ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሁለተኛ፣ ከቀለሙ ጎን ቃሉን ጻፉ፤ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ይሁን። ሦስተኛ፣ ቀዩን ሌብል ልጁ ደብተር ላይ አትለጥፉ፤ መምህሩ ፋይል ላይ ይበቃል። ጓደኛው ፊት የሚያፍር ልጅ አይማርም።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ የዚያ ክፍል ሰዎች ተበታትነናል። መዝገብ እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀምር መምህር ካለ የኛን ስህተት አይድገም። ከቀዮቹ በፊት ባዶዎቹን ይቁጠር፤ እነማን እንደሆኑም ሄዶ ይጠይቅ።