ስሟ ያልተጠቀሰው ሴት፦ የክርስቶስ ሥጋ በዓል አጀማመርና ትርጉም

እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1264 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 4ኛ በመካከለኛው ኢጣሊያ ከምትገኘው ከኦርቪዬቶ ከተማ ለመላው የላቲን ቤተ ክርስቲያን አንድ ደብዳቤ ላኩ። በመነሻ ቃሉ «ትራንዚቱሩስ» ተብሎ የሚታወቀው ይህ ደብዳቤ የክርስቶስ ሥጋ በዓል፣ በላቲን አጠራሩ ኮርፑስ ክሪስቲ፣ በየዓመቱ ከጰራቅሊጦስ ስምንተኛ ቀን ቀጥሎ በሚመጣው ሐሙስ እንዲከበር ያዝዛል። ምክንያቱንም ያብራራል። ቅዱስ ቁርባን በየዕለቱ በቅዳሴ ቢታሰብም በዓመት አንድ ቀን ለብቻው ሊከበር ይገባዋል፤ ምሥጢሩ የተመሠረተበት ጸሎተ ሐሙስ ደግሞ ንስሐ ገቢዎችን በማስታረቅ፣ ሜሮን በመባረክና እግር በማጠብ የተያዘ ስለሆነ ለዚህ ደስታ ጊዜ አይተርፈውም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። በመካከሉ ግን አንባቢ ሳያስተውለው ሊያልፍ የሚችል አንድ ነጥብ አለ፤ ጳጳሱ ገና በዝቅተኛ ማዕርግ ሳሉ በዓሉ እንዲከበር ለአንዳንድ ምእመናን ከሰማይ ተገልጦላቸው እንደነበር መስማታቸውን ይናገራሉ። እነዚያ ምእመናን እነማን እንደሆኑ አይናገሩም።

ከተዘለሉት ስሞች ዋነኛው በዛሬዋ ቤልጂየም፣ በሊዬዥ ከተማ ዳር በሞን ኮርኒዮን ትኖር የነበረችው የዩሊያና ስም ነው። የበዓሉን ታሪክ የሚጽፉ ብዙ ጊዜ ከሁለት መነሻዎች በአንዱ ይጀምራሉ። አንደኞቹ በ1215 ከተካሄደው ከአራተኛው የላተራን ጉባኤ ተነሥተው፣ ኅብስቱና ወይኑ በእውነት ወደ ክርስቶስ ሥጋና ደም ይለወጣሉ የሚለው ትምህርት በበዓል መልክ ጸና ይላሉ። ሌሎቹ ከዚህ በታች ከምናየው ከቦልሴና ተአምር ይነሣሉ። ሁለቱም አንድ አንድ እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ሴቶቹን ከታሪኩ ደጅ ያስቀራሉ። እኔ እንደማነበው ይህን በዓል የወለደው ረሃብ ነው፤ እንዳይነኩት የተከለከሉትን፣ ቢቀምሱትም በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያገኙትን ቅዱስ ነገር የሚራቡ ሴቶች ረሃብ።

የዚህን ረሃብ ልክ ለመረዳት የዘመኑን ልማድ ማየት ይበቃል። የላተራን ጉባኤ እያንዳንዱ ምእመን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በፋሲካ እንዲቆርብ አዘዘ። አብዛኛው ሰው የሚቆርበውም ያንኑ ያህል ነበር። በዚያው ዘመን ካህኑ የክርስቶስን ቃል ተናግሮ ኅብስቱን ሕዝቡ እንዲያየው ከራሱ በላይ ከፍ ማድረግ የጀመረ ሲሆን፣ ልማዱ ከፓሪስ አካባቢ ተነሥቶ ፈጥኖ ተዛመተ። ሕዝቡ ይህችን ቅጽበት ለማየት ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ይሮጥ ነበር። ማየት የመቀበልን ቦታ ያዘ። በሊዬዥ ሀገረ ስብከት ደግሞ ቁርባንን አጥብቀው የሚናፍቁ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ከእነዚህም አንዷ በ1213 ያረፈችው ማርያም ዘዋኚ ስትሆን፣ ገድሏን የጻፈው ኋላ ካርዲናል የሆነው ዣክ ዘቪትሪ ነው። ካሮላይን ዎከር ባይነም በ1987 ባሳተመችው ሰፊ ጥናት፣ በዚያ ዘመን ምግብና ጾም ለሴቶች መንፈሳዊ ሕይወት ከወንዶቹ ይልቅ እጅግ ማዕከላዊ እንደነበሩ አሳይታለች። ክህነት ለተዘጋባቸው ሴቶች ቁርባን ክርስቶስን በገዛ ሥጋቸው የሚያገኙበት በር ነበር። ይህ ትንታኔ ያሳምነኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት እወዳለሁ፦ ዩሊያና ተመሥጦ ያላት ብቻ አልነበረችም፤ የምታስበውን ነገር እንዴት ከዳር እንደምታደርስ የምታውቅ አስተዳዳሪም ነበረች።

ዩሊያና በ1192 ገደማ ተወለደች። በአምስት ዓመቷ እናትና አባቷን አጥታ ከእኅቷ ከአግነስ ጋር የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚረዱበት በሞን ኮርኒዮን ቤት አደገች። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ በጸሎት ላይ ሳለች አንድ ራእይ ይደጋገምባት ጀመር፦ በሙሉ ብርሃኗ የምታበራ ጨረቃ፣ በአንድ በኩል ግን የጠቆረ ስንጥቅ ያለባት። ገድሏ እንደሚተርከው ጨረቃዋ ቤተ ክርስቲያን፣ ስንጥቁም ገና ያልተሠራለት የሥጋው በዓል መሆኑን ክርስቶስ ራሱ ገለጠላት። ይህን ለሃያ ዓመት ያህል ለማንም አልተናገረችም። ዝምታዋን በትሕትና ብቻ የሚተረጉሙ አሉ። እኔ ከትሕትናው ጋር ማስተዋልም ይታየኛል። ወጣት መነኩሲት ቤተ ክርስቲያን በዓል ጎድሏታል ብትል ማን ይሰማታል? ምሥጢሯን የገለጠችው የቤቱ እመ ምኔት ከሆነች በኋላ ነው፤ ያኔም ሰው መርጣ ነው። በመጀመሪያ ያካፈለቻት በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአንዲት ክፍል ራሷን ዘግታ የምትኖረውን ባሕታዊት ኤቫን ነው። ቀጥሎ የቅዱስ ማርቲን ካህን የነበረው ዮሐንስ ዘሎዛን ጉዳዩን ማን እንዳቀረበው ሳይናገር ሊቃውንትን እንዲያማክር አደረገች። ከተጠየቁት መካከል ዶሚኒካዊው ሁግ ዘሴን ሼርና በሀገረ ስብከቱ ሊቀ ዲያቆን የነበረው ዣክ ፓንታሌዮን ይገኙበታል። ሁለቱም ሐሳቡ ከሃይማኖት ጋር የሚጋጭ ነገር እንደሌለው መሰከሩ። የትሯው ጫማ ሰፊ ልጅ ፓንታሌዮን ኋላ ኡርባኖስ 4ኛ ተብለው የጴጥሮስን መንበር የያዙት ናቸው።

የሊዬዡ ጳጳስ ሮበርት ዘቱሮት በ1246 በዓሉን በሀገረ ስብከታቸው አወጁ፤ በዚያው ዓመትም አረፉ። በመጀመሪያ ያከበሩት የኤቫ ጎረቤቶች፣ የቅዱስ ማርቲን ካህናት ነበሩ። ዩሊያና ግን ደጋፊዋን እንዳጣች መከራዋ መጣ። የሞን ኮርኒዮን ንብረትና ሰነዶች በማን እጅ ይሁኑ በሚል ከቤቱ አለቃና ከከተማው ሰዎች ጋር የነበራት ጠብ ገንፍሎ ከቤቷ ተሰደደች። ቀሪ ዘመኗንም በሲስተርሲያን ገዳማት እየተንከራተተች አሳለፈች። ኤፕሪል 5 ቀን 1258 በፎስ አረፈች፤ በቪለር ገዳምም ተቀበረች። በዓሏ የመላው ላቲን ቤተ ክርስቲያን በዓል ሲሆን አላየችም።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ኡርባኖስ በ1264 ድንጋጌውን ሲጽፉ የዩሊያናን ስም መዝለላቸው ባለማወቅ አልነበረም። በሴፕቴምበር 8 ቀን፣ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ በሕይወት ለነበረችው ለባሕታዊቷ ለኤቫ የብቻዋን ደብዳቤ ልከውላታል። አጥብቃ ስትመኘው የኖረችው እንደተፈጸመ ያበሥሯታል፤ የአዲሱን በዓል የጸሎት ድርሰትም አብረው ይልኩላታል። የአንድ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ደብዳቤ ክፍሏን ዘግታ ለምትኖር ሴት መድረሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገሩን ጎን ለጎን ስናየው ግን ይህ ነው፦ ለዓለም በተላከው ደብዳቤ ስም የለም፤ የኤቫ ስም ያለው በግል በተላከው ነው። ኡርባኖስን በክፋት አልከስሳቸውም። አንዲትን ሴት በስም መጥቀስ በዓሉን ለተቃዋሚዎች ያጋልጠው ነበር፤ ጥበቃም ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የተከፈተ ክፍተት ባዶ አይቀርም፣ ሌላ ታሪክ ይሞላዋል።

ያ ታሪክ የቦልሴናው ነው። በትውፊቱ መሠረት በ1263 ከፕራግ የመጣ ጴጥሮስ የተባለ ካህን ኅብስቱ በእውነት የክርስቶስ ሥጋ መሆኑን እየተጠራጠረ በቦልሴና ሲቀድስ፣ ከኅብስቱ ደም ፈስሶ ከሥሩ የተነጠፈውን የመሠዊያ ጨርቅ አራሰው፤ ጨርቁም በአቅራቢያው ኦርቪዬቶ ወደነበሩት ጳጳስ ተወሰደ። የ«ትራንዚቱሩስ» ደብዳቤ ስለዚህ ተአምር አንድም ቃል አይናገርም። ታሪኩ በዝርዝር የሚታየን ከዚያ ወዲህ ነው፤ የሲየናው አንጥረኛ ኡጎሊኖ ዲ ቪዬሪ በ1338 ባጠናቀቀው በኦርቪዬቶ ካቴድራል የጨርቁ ማስቀመጫ ላይ ተቀርጿል። በ1512 ደግሞ ሩፋኤል በቫቲካን ግድግዳ ላይ ሲሥለው ዩልዮስ 2ኛን በመሠዊያው ፊት አንበርክኮ አሳያቸው። ተአምሩ ሆኗል አልሆነም የሚለው እዚህ የምሟገትበት አይደለም። የማነሣው የታሪኩን አሠራር ነው። በቦልሴናው ትረካ የበዓሉ መነሻ የአንድ ካህን ጥርጣሬ ይሆናል፤ መፍትሔው በካህኑ እጅ ላይ ይታያል፤ የሚቀበለው ጳጳሱ ነው። የዩሊያና ጨረቃ ስለ ጥርጣሬ አንዳች አልተናገረችም። የተናገረችው ስለ ጉድለት ነበር፤ የሚወደድ ነገር በዓል እንደሌለው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እስከ ዛሬ የበዓሉን ስብከት ይከፋፍለዋል፤ አንዱ ሰባኪ ከሓዲን ይረታበታል፣ ሌላው የተራበን ይጠራበታል።

ኡርባኖስ ድንጋጌውን ካወጡ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 2 ቀን አረፉ፤ በዓሉም ተኛ። አንዳንድ ሀገረ ስብከቶች ያዙት፣ ብዙዎቹ ተዉት። በ1311 እና 1312 የተካሄደው የቪዬን ጉባኤ አጸናው፤ ዮሐንስ 22ኛ በ1317 ባሳተሙት የሕግ ስብስብ ውስጥ ሲገባ እውነተኛው መስፋፋት ጀመረ። የኡርባኖስ ደብዳቤ ያላዘዘው ነገር፣ ቁርባኑን ይዞ በጎዳና የሚደረገው ዑደት፣ ከዚያ በኋላ የበዓሉ ፊት ሆነ።

ዑደቱ የበዓሉን ትርጉም አሰፋው፤ አጣመመውም። ኅብስቱ ከመሠዊያ ወጥቶ በዳስ ጥላ ሥር ወደ ገበያው ሲሄድ ከተማው ሁሉ ከኋላው ይሰለፋል፤ ማን ከፊት ማን ከኋላ የሚለው ጥያቄም ወዲያው ይነሣል። በእንግሊዟ ዮርክ የባለሙያ ማኅበራት በበዓሉ ቀን ከዓለም ፍጥረት እስከ ፍርድ ቀን ያለውን ታሪክ በተሽከርካሪ መድረኮች ላይ ይተውኑ ነበር። መርከብ ሠሪዎቹ የኖኅን መርከብ ይሠራሉ፤ ዳቦ ጋጋሪዎቹ የመጨረሻውን እራት ያቀርባሉ። የቀን ተቀን ሙያ የድኅነት ታሪክ ክፍል የሚሆንበት ይህን የመሰለ ሥራ ከበዓሉ ፍሬዎች ሁሉ ልቤን የሚነካው ነው። በዚያችው ከተማ ግን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሸማኔዎችና ጫማ ሰፊዎች በሰልፉ በያዙት ቦታ ተጣልተዋል። ሚሪ ሩቢን በ1991 ባሳተመችው ታላቅ ጥናት፣ በዓሉ ማኅበረሰቡን አንድ ያደርጋል የሚለውን አጠቃላይ አባባል ከነዚህ ጠቦች አንጻር መርምራዋለች፤ አንድነቱ ሲታወጅ ልዩነቱ አብሮ ይታወጃል። የእንግሊዝ ገበሬዎች አመፅ ለንደን የገባውም ጁን 13 ቀን 1381፣ በዚሁ በዓል ዕለት ነበር። ለበዓል መንገድ መውጣት የለመደ ሕዝብ መንገዱን ለሌላ ጉዳይም እንደሚያውቀው አስተዋይ አያጣውም።

የተሐድሶ መሪዎች ዑደቱን አጥብቀው ተቃወሙ፤ የትሬንት ጉባኤ በ1551 በመናፍቃን ላይ የተገኘ ድል ምልክት ብሎ አጸናው። ድል የሚለው ቃል ከስፔናውያን ጋር ውቅያኖስ ተሻገረ። በቀድሞዋ የኢንካዎች መዲና በኩስኮ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ለቅድስት ሐና አጥቢያ የተሣሉት ታላላቅ ሥዕሎች የኢንካ መሳፍንት ዘሮች የነገሥታቱን ዘውድና ልብስ ለብሰው በቁርባኑ ፊት ሲሄዱ ያሳያሉ። ተመራማሪዋ ካሮሊን ዲን እንደምትከራከረው ገዢዎቹ የተሸነፈው ሕዝብ በሰልፉ እንዲታይ ይፈልጉ ነበር፤ ተሸናፊ ከሌለ ድል አይታይምና። መሳፍንቱ ደግሞ ያንኑ መድረክ ክብራቸውንና ዘራቸውን ለማሳየት ተጠቀሙበት። ዛሬም በኩስኮ የዐሥራ አምስት ቅዱሳን ምስሎች በሰው ትከሻ ወደ ካቴድራሉ ይገባሉ። ለዓይን የሚጎላው የቅዱሳኑ ሰልፍ ነው፤ ሰልፉ ግን የተጠራው በቁርባኑ ስም ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ እውነተኛ ጥያቄ ይነሣል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቁርባኑ በቅዳሴው ውስጥ ይፈጸማል፤ ለእይታ ተብሎ አይቆይም። በጥምቀት ወደ ጎዳና የሚወጣው ታቦት ነው፤ እሱም በልብስ ተሸፍኖ። እዚህ ቅድስና የሚጠበቀው በመሸፈን ነው፤ በላቲኑ በዓል የሚከበረው በማየት ነው። በኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የግዕዙና የላቲኑ ሥርዓት ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ጥያቄው የውጭ ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም። የማየቱን ናፍቆት ከመፍረድ በፊት ግን ከምን እንደመጣ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ይህ ናፍቆት የተወለደው ሕዝቡ ከመቁረብ በራቀበት ዘመን ነው። አዘውትሮ የሚቆርብ ማኅበር ዑደቱን የሚፈልገው ዩሊያና በፈለገችው ምክንያት አይሆንም፤ ለሚያደርገው ነገር ሌላ ምክንያት ሊያገኝ ይገባዋል። በ1969 የተሻሻለው የሮም የቀን አቆጣጠር የበዓሉን ስም የክርስቶስ ሥጋና ደም በዓል ብሎ ማስፋቱ ለእኔ ወደዚያ አቅጣጫ የሄደ እርምጃ ነው፤ የሚታየውን ኅብስት ከሚጠጣው ጽዋ ጋር መልሶ አገናኝቶታልና።

ፒዮስ 9ኛ በ1869 የዩሊያናን ክብረ ቅድስና አጸኑ፤ ቤኔዲክቶስ 16ኛ በኖቬምበር 2010 ሳምንታዊ ትምህርታቸውን ለእሷ ሰጡ። ስሟ ተመልሷል ማለት ይቻላል። ድርሰቷ ግን ገና በሚገባው ልክ አልተነበበም። ዛሬ በበዓሉ የሚዜመው፣ ትውፊትም አብዛኞቹ ተመራማሪዎችም ለቶማስ አኲናስ የሚሰጡት ድርሰት ከመምጣቱ በፊት፣ ሊዬዥ የራሷ የበዓል ድርሰት ነበራት። ገድሏ እንደሚለው ዮሐንስ የተባለ የሞን ኮርኒዮን ወጣት መነኩሴ ሲጽፍ ዩሊያና ትጸልይ ነበር፤ የጻፈውንም ያሳያት ነበር፤ መታረም ያለበትን እሷ ታመለክተው ነበር። «አኒማሩም ሲቡስ» የሚባለው ይህ ድርሰት በዘ ሄግ በሚገኘው የኔዘርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በአንድ የብራና መጽሐፍ ተጠብቆ ቆይቶ በ2006 ባርባራ ዋልተርስና ባልደረቦቿ ከነዜማው አሳትመውታል። የአኲናስ ድርሰት በምሥጢርም በግጥምም የላቀ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። የቀደመው ግን በእመ ምኔቷ ዓይን ሥር ያለፈ ጽሑፍ ነው፤ እርማቷ የትኛው መስመር ላይ እንዳረፈ መለየት ይቻል እንደሆነ ከሁለቱ ድርሰቶች ንጽጽር የሚነሣ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነው።