«የልጆች ጊዜ» እንደገና ሲታይ፤ ስለ ቴሌቪዥን ተረትና ስለ ምድጃ ዳር ተረት

የዛሬ ሰው ያረጀ የቴሌቪዥን ትርኢት ፈልጎ ማየት ይወዳል፤ ያየውንም ያመሰግናል። ነገር ግን የሚያመሰግነው ብዙ ጊዜ ትርኢቱን ሳይሆን የራሱን ልጅነት ነው። አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የሚጠሩት የአቶ ተስፋዬ ሣህሉ «የልጆች ጊዜ» በ1998 ዓ.ም. ሲቋረጥ እኛ ገና በእቅፍ ነበርን። ስለዚህ የምንሟገትለት ትዝታ የለንም፤ የተመለከትነው ዛሬ፥ በደባርቅ፥ ከእጅ ስልክ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍም ዝግጅቱ ከትዝታ ተለይቶ ሲመዘን ምን ዋጋ እንዳለው ለመመርመር ይሞክራል።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። «የልጆች ጊዜ»ም ከዚያው ዘመን ተነሥቶ ሦስት መንግሥታትን አልፎ 42 ዓመት ያህል ቆየ። እኛ ያየናቸው ክፍሎች ሁሉ ባለ ቀለም ናቸው። የቀለም ሥርጭት የተጀመረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር፥ በ1977 ዓ.ም. መባቻ ስለ ሆነ፥ ፍርዳችን የመጀመሪያዎቹን 20 ዓመታት አይነካም።

አስቀድሞ ምስጋና የሚገባውን እናመስግን። አቶ ተስፋዬ ወደ ቴሌቪዥን የመጡት ከመድረክ ነው። የቴአትር ተዋናይ ነበሩ፤ ሴቶች መድረክ ላይ ባልወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል፤ ወደ ኮርያ ለዘመተው የቃኘው ሻለቃም ትርኢት አሳይተዋል። ይህ ልምድ በእያንዳንዱ ተረት ላይ ይታያል። አንበሳው ሲናገር ድምፁ ይወፍራል፤ ጦጣዪቱ ስትመልስ ይቀጥናል፤ ፊታቸውም አብሮ ይለወጣል። ከወንበርና ከጥቂት ልጆች በቀር ሌላ ነገር አያስፈልጋቸውም። የሚያስቀውም ቃሉ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ ሳያፍር ጦጣ ሲሆን ማየቱ ነው።

ጉድለቱን የምናገኘው ግን ተረቱ ሲያበቃ ነው። አባባ ተስፋዬ ልጆቹን ከተረቱ ምን እንደ ተማሩ ይጠይቃሉ፤ ልጆቹም የሚጠበቀውን ይመልሳሉ፤ የእናትን ምክር መስማት፥ አለመዋሸት፥ አለመስረቅ። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ልጁ መልሱን ያገኘው ከተረቱ ሳይሆን ከጠያቂው ፊት ነው ብለን እናምናለን።

ይህ ጉድለት የእኛ አገር ትርኢት ብቻ አይደለም። «ሴቭድ ባይ ዘ ቤል» የተባለውን የአሜሪካ የወጣት ተማሪዎች የቀልድ ድራማ (1989–1993 እ.ኤ.አ.) እንመልከት። በ1990 እ.ኤ.አ. በታየው ስመ ጥር ክፍል ጄሲ የተባለችው ጎበዝ ተማሪ እንቅልፏን አባርራ ለማጥናት የካፌይን ክኒን ትለምዳለች። ግማሹ ሰዓት ሳያልቅ ታለቅሳለች፤ ጓደኛዋ ያቅፋታል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ቀልዱ ችግሩን ይከፍታል፤ ሰዓቱ ደግሞ ይዘጋዋል። ሁለቱም ትርኢቶች ተመልካቹን ጥያቄ ይዞ እንዲተኛ አይፈቅዱለትም።

አሁን ይህን ከዳባት እስከ ደባርቅ፥ እስከ ሊማሊሞም አፋፍ ድረስ ባለው ደጋ ከሚነገረው ተረት ጋር እናነጻጽር። ሌሊቱ ብርድ ስለ ሆነ ተረት የሚነገረው ምድጃ ዳር፥ ቆሎ እየተቆረጠመ ነው። በእንቆቅልሽ ጊዜ መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል። ጎንደርን የሰጠ እንደ ሆነ የተቀበለው ልጅ ጎንደር ገብቶ ስላገኘው ደስታ ሲኩራራበት መስማት ግድ ይሆንበታል። ተረትም ሲያበቃ ተራኪው ምን ተማራችሁ አይልም፤ ተረቱን እንዲመልሱለትና አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቃል። ቴሌቪዥኑ ከልጁ የሚፈልገው መልስ ነው፤ ምድጃው የሚፈልገው ግን ሌላ ተረት ነው። የመጀመሪያው ልጁን ተማሪ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ባለ ዕዳ፥ በኋላም ተራኪ ያደርገዋል።

ልዩነቱ ቀላል አለመሆኑን የተረዳነው አንድ ምሽት በደባርቅ፥ በተከራየንበት ግቢ፥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስንመለከት ነው። ተረቱ የተለመደ ነበር፤ ምክር ሳይሰማ ብቻውን የወጣ ትንሽ እንስሳ በአውሬ ይጎዳል። ጥያቄው ሲቀርብ የእኛዎቹ በስልኩ ውስጥ ያሉትን ልጆች ቀድመው፥ ምክር መስማት ይገባል ሲሉ ጮኹ። ዐሥር ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ግን ወደ እኛ ዞሮ «ጋሼ፥ ጎረቤቶቹስ የት ነበሩ?» አለ። ስልኩ ውስጥ ያሉት ወደ ስንብት አልፈው ነበር፤ እኛም የምንመልሰው አጣን።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ በዳባት ወረዳ እስከ ጭና ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸው፥ ከቤታቸው የሸሹም በደባርቅና በዳባት መጠለላቸው የሚታወስ ነው። በዚያ ጊዜ ነፍስ ያወቀ ልጅ፥ የተጎዳ ሁሉ የተጎዳው ምክር ባለመስማቱ ነው ቢሉት እንዴት ያምናል? የተዘጋጀ መልስ ለጸጥታ ዘመን ይበቃ ይሆናል፤ ብዙ ላየ ልጅ ግን አይበቃውም።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን ሙሉ በሙሉ በትርኢቱ ላይ አይደለም። በአንዳንድ ክፍሎች ልጆቹ ራሳቸው ቀርበው ይተርታሉ። ልጁ መካከሉን ይረሳዋል፥ ወደ ኋላ ይመለሳል፥ ከመጨረሻው ደርሶ ሳይጨርስ በራሱ ተረት ይስቃል፤ አባባ ተስፋዬም ታግሠው ይሰማሉ። የ42 ዓመቱ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀውና የሚያስተምረው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ለጥቂት ደቂቃም ስቱዲዮው ምድጃ ዳር ይሆናል። አቶ ተስፋዬ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከተነገረላቸው ምስጋና ውስጥ እንዴት እንደ ተረቱ እንጂ እንዴት እንደ ሰሙ ብዙም አልተወሳም።

ስለዚህ የድሮውን ትርኢት መልሶ ማየት መልካም ነው፤ ልጆቹ የሚተርቱባቸው ክፍሎችም ከሌሎቹ ቀድመው ሊጠበቁ ይገባል። ለልጆች የሚያሳይም ሰው ጥያቄው ሲደርስ ስልኩን ዘግቶ ተረቱን ያስመልስ። እኛም በዚያ ምሽት፥ ዘግይተንም ቢሆን፥ እንዲሁ አደረግን። ያ ልጅ ያንኑ ተረት ከመጀመሪያው አንሥቶ ተረተልን፤ በእርሱ ተረት ውስጥ ግን ጎረቤቶቹ ጩኸቱን ሰምተው ወጥተው ነበር።