አራት ቃል ይበቃል

ጃፓኖች በትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ከሚሰቅሏቸው መፈክሮች አንዱ «ኢቺ ዳንኬትሱ» ነው። አራት የካንጂ ፊደል ብቻ፤ «እንደ አንድ ሆኖ መተባበር» ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መፈክሩን የሚመርጡት ተማሪዎቹ ናቸው።

መካነ ሰላም ስንማር የኛ ባነር ሦስት መስመር የሪፖርት ቋንቋ ነበር። አንብበን ሳንጨርስ ሩጫው ያልቃል! ገመድ ጉተታ ላይ ግን ማንም ሳያዘን የምንጮኸው ሌላ ነበር፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። እሱም አራት ቃል ነው፤ ቤት ይመታል፣ ትንፋሽ አይጨርስም።

ኮድ ጸሐፊ ስለሆንኩ አጭር ነገር ይማርከኛል። ግን እጥረት ብቻውን አያድንም፤ ከላይ የታዘዘ አራት ቃልም ያው ባነር ነው። መፈክር የሚሠራው የሚጮኸው ልጅ «የኔ ነው» ሲለው ነው። እስቲ ከማሳተማችሁ በፊት ልጆቹን ጠይቋቸው።