«አር-ሪሳላ»፦ ፊልሙ ያላሳየውን ማን ይሞላዋል?



በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ በረመዳንና በዒድ ሰሞን ከሚታዩት ፊልሞች አንዱ «አር-ሪሳላ» ነው። የሐለብ ተወላጁ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው ይህ ሥራ በቪዲዮ ካሴት ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ኖሯል። በ2018 ደግሞ ምስሉና ድምፁ ታድሶ እንደገና ወጥቷል። ቤታችን የሚገባውን ነገር መመርመር ግዴታችን ነውና እስቲ አብረን እንየው።

ዳይሬክተሩ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ሠርቶታል፤ አንዱን በዐረብኛ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ። ሐምዛን (ረ.ዐ.) ሆነው የተጫወቱት በዐረብኛው ዐብዱላህ ገይስ፣ በእንግሊዝኛው አንተኒ ኲን ናቸው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አካልም ሆነ ድምፅ በፊልሙ ውስጥ የለም። ሰዎቹ እርሳቸውን ሲያናግሩ ወደ ካሜራው ይመለከታሉ። ሥራው ማሳየት የሆነ ሰው አለማሳየትን ሲመርጥ አደቡ ሊመሰገን ይገባል።

ሆኖም ልብ በሉ! አቡበክር፣ ዑመርና ዑስማንም አይታዩም። ከዐሊይ (ረ.ዐ.) የሚታየው ሰይፋቸው ብቻ ነው። እናታችን ኸዲጃም የሉም። ይህም ለአደብ ሲባል ነው፤ ነገር ግን የታሪኩ ሸክም በሐምዛ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሐምዛ ተዋጊ ናቸውና በድርና ኡሑድ ገንነው ወጡ። ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቻችሁን «ምን አያችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ስለ ፈረስና ስለ ሰይፍ ይነግሯችኋል። የኸዲጃ ማጽናናት፣ በዋሻው ውስጥ የአቡበክር ጭንቀት ግን ከዓይናቸው ርቆ ቀርቷል።

ለእኛ ለሐበሾች የሚቀርበን የነጃሺ ክፍል ነው። በእንግሊዝኛው ንጉሡን የቤርሙዳ ተወላጁ ኧርል ካሜሮን ተጫውቶታል። ጃዕፈር (ረ.ዐ.) ከሱረቱ መርየም ሲያነቡ፣ ያኔ ገና ያልሰለሙት ዐምር ኢብኑል ዓስም ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ማየት ልብ ይነካል። ነገር ግን ትዕይንቱ በደቂቃዎች ያልቃል። እውነተኛው ጃዕፈር በዚህች ምድር ዓመታት ኖረው የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ጊዜ ነው። ነጃሺ ሲሞቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ላይ ሆነው ሶላተል ጋኢብ ሰግደውላቸዋል። ይህን ፊልሙ አይነግረንም።

እንግዲህ ፊልሙን ከቤት አውጥታችሁ ጣሉ አንልም። የሙዚቃውን ጉዳይ ለዑለማዎች እንተወው። ነገር ግን ልጆችን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ ጓዳ መግባት ሲራን ማስተማር አይደለም። አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ነጃሺ ዘንድ ስትደርሱ ፊልሙን አቁሙና የቀረውን በራሳችሁ አንደበት ተርኩላቸው። እናት የኸዲጃን፣ አባት የአቡበክርን ታሪክ ይንገር። የማያውቅም ይጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አል-ዐቃድ በ2005 ዓማን ውስጥ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከሴት ልጁ ጋር ሕይወቱ አልፏል። እርሱ አቅሙ የፈቀደውን አሳይቶ ሄደ፤ የቀረውን መሙላት የወላጅ አማና ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ነቢያቸውን የሚያውቁና የሚወዱ ያድርግልን። አሚን!