ጉሬዛ ሲዘል

ከቢቸና እስከ ሞጣ አገሩ በአብዛኛው እርሻ ነው፤ ነባር ዛፍ በብዛት የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። በጎጃም እንዲህ ባሉ ደኖች ጉሬዛ ይኖራል። ዝላዩን የሚያህል አላየሁም። በእስያና በሰሜን አሜሪካ ያለችው በራሪ ሽኮኮ ከፊት እግሯ እስከ ኋላ እግሯ በተወጠረ ቆዳ ትንሳፈፋለች። ጉሬዛ ያ ቆዳ የለውም፤ ግን ከቅርንጫፍ ተወርውሮ፣ እጅና እግሩን ዘርግቶ ሲወርድ የጎኑ ነጭ ጸጉር እንደ ነጠላ ይገለጣል። አውራ ጣቱ ጉብታ ብቻ ነው፤ ቅርንጫፉን የሚይዘው በአራቱ ጣቶቹ ነው። በብዛት የሚበላው ቅጠል ነው፤ ክፍል ክፍል ባለው ጨጓራው ያብላላዋል። ግልገሉ ሲወለድ ደግሞ ሁለመናው ነጭ ነው፤ እንዴት ያምራል! ዛፍ ከዛፍ ሲራራቅ ይህ ዝላይ ይቀራል፤ በየደብራችሁ ዙሪያ ወይራና ጽድ ትከሉ።